ለአንድ ማራገቢያ የሚሆን ነፋስ ፍለጋ በድሬዳዋ

እኛ አዲስ አበቤዎች መንገድ ስንሄድ ፀሐይ ያለበትን ዳር እንመርጣለን። ድሬዳዋ ሰው ሁሉ በጥላው በኩል ነው የሚሄደው፤ ከቀትር በኋላ የመንገዱ ግማሽ ባዶ ነው። ስለ ጉዞዬ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ገበያውና ስለ ርካሽ ጨርቁ መስማት ይፈልጋሉ። እኔ ግን ያየሁት ጥቂት ነው። ከቆይታዬ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በአንድ ግቢ ውስጥና ከግቢው ጀርባ ባለ የአፈር ጉብታ ላይ ነው።

የጉዞዬ ምክንያት አባቴ ነው። አብሮ አደጉ ጋሼ ደምሴ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። እርሻ የነበረው አንድ ግሪክ አገሩን ለቆ ሲሄድ ከቤቱ የነቀለውን የነፋስ ሞተር ገዙና አብሮት ያለውን በውጭ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው አጡ። አባቴ "የኔ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ተምራለች፤ እልክልሃለሁ" ብሎ ጻፈላቸው። እኔን አልጠየቀኝም። ፊዚክስ መማሬ እውነት ነው፤ የነፋስ ሞተር ግን ከሥዕል በቀር አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ የባቡሩ ቀን ደረሰ።

ሰኞ

አባቴ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ሻንጣዬን አስገባልኝ። ከሻንጣዬ ሌላ አንድ የካርቶን ሣጥን ይዤ ነበር። በውስጡ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሠራሁት የነፋስ መለኪያ አለ። ከቆርቆሮ የተቆረጡ አራት ትናንሽ ጽዋዎች በመስቀል ቅርጽ በተጣመሩ ሽቦዎች ጫፍ ላይ ተበይደው፣ መሐል ባለው ዘንግ ላይ ይሽከረከራሉ። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞሩ የቆጠረ ሰው የነፋሱን ፍጥነት መገመት ይችላል።

ከፊቴ የተቀመጠችው ከዲጃ የምትባል የድሬዳዋ ሶማሌ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ሞጆ ላይ አንድ ሰው ሊወርድ ሲጣደፍ ከላይ የሰቀለችውን የጨርቅ ቦንዳ ነካውና ወርዶ ሣጥኔ ላይ አረፈ።

"ዋይ! ምን ነበር ውስጡ? እንቁላል ነው?" አለች።

"አይደለም" አልኩ።

ራሷ ከፈተችው። ሁለቱ ጽዋዎች እንደ ተረገጠ ጣሳ ተጨፍልቀዋል። "የሕፃን መጫወቻ ነው?"

"የነፋስ መለኪያ ነው። እርስዎ አይጨነቁ፣ ይስተካከላል።"

ከዲጃ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። "እርስዎ የምትይው ማንን ነው? እኔ አንድ ሴት ነኝ። አንቺ በይኝ፣ አባዮ።" አባዮ በሶማሊኛ እህቴ እንደ ማለት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ትልቁም ትንሹም "አንተ" እና "አንቺ" ነው የሚባባለው። እኛ ዘንድ ይህ ድፍረት ነው፤ እዚያ ግን "እርስዎ" ያለ ሰው የተኳረፈ ይመስላል። እኔ እስከ መጨረሻው ቀን አልለመድኩትም።

ነፋስ ልለካ መሄዴን ስትሰማ ሳቀች። "ወላሂ፣ እኛ ነፋሱ የት ነው ብለን የምንጠይቀው ጀርባችንን ለመስጠት ነው። ድሬ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ አቧራው በየት እንደሚመጣ ይታያል፤ በሩ በሌላ በኩል ይወጣል።"

ሲመሽ አዋሽ ደረስን፤ ባቡሩ እዚያ ያድራል። ብቻዬን እንዳልሆን ከዲጃ ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል አሳደረችኝ። የአልጋዎቹ እግሮች ውኃ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ ቆመዋል፤ ጉንዳን እንዳይወጣ ነው። እሷ የማንኪያ እጀታ ተውሳ አመጣችና እስክንተኛ ድረስ ጽዋዎቹን እየተቀባበልን አቃናናቸው። ትክክለኛ ክብ ግን አልሆኑም።

ማክሰኞ

ከአዋሽ ወዲያ ያለው አገር ግራር፣ አቧራና የጉንዳን ኩይሳ ነው። ከኛ አገር የባሕር ዛፍ ጥላ ለሄደ ሰው የሚያርፍበት ነገር የለም። አፍደም ላይ ሴቶች በጭስ የታጠነ የግመል ወተት ወደ መስኮቱ ያቀርባሉ። ከዲጃ ገዝታ ሰጠችኝ፤ አንድ ጊዜ ጎንጭቼ ማስመለስ ቃጣኝ። እያየችኝ ስለነበረ ጨረስኩት። ደስ ብሎኝ መስሏት ሌላ ገዛችልኝ።

ድሬዳዋ የደረስነው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው። ጋሼ ደምሴ የሥራ ቆባቸውን እንዳደረጉ ጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው በዘይት የጠቆረ ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመት ባቡር ነጂ ነበሩ፤ አሁን በጥገናው ክፍል ይሠራሉ፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። "ኢንጂነሯ መጣች!" ብለው በጣቢያው ፊት ሁሉ ጮኹ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጎረቤታቸው አሊዪ በጋሪው ይዞን ሄደ። በከዚራ ሰፈር በኩል መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ በየአጥሩ አበባ ተንጠልጥሏል፣ የመብራት ምሰሶ በየርቀቱ ቆሟል። ከዝናብ ጊዜ በቀር ደረቅ ወደሆነው የአሸዋ ወንዝ ስንጠጋ ምሰሶዎቹ አለቁ። ጋሼ ደምሴ የመጨረሻውን በጣታቸው አሳዩኝ። "አየሽው? መብራቱ እዚህ ሲደርስ ደከመው" አሉ።

ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ያገኘኋቸው በጓዳው ክፍል በሦስት ትራስ ተደግፈው ነው። እግራቸው አብጧል፤ የልብ ሕመም ነው። ሁለት ቃል ተናግረው ለሦስተኛው ትንፋሽ ይስባሉ። የክፍሉ ሙቀት ለእኔ ለጤነኛዋ እንኳ የከበደ ነበር። በግድግዳው በኩል ጠረጴዛ ላይ አዲስ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተቀምጧል፤ ሽቦው ከምንም ጋር አልተያያዘም።

"ነፋሱን ይዘሽልኝ መጣሽ?" አሉኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ ጋሼ ደምሴ ናቸው። ሐኪሙ "ወይ ክፍሏን አቀዝቅዙላት፣ ወይ ወደ ደጋ ውሰዷት" ብሏል። ደጋ ማለት ሐረር ያሉት የእትዬ አስካለ እህት ቤት ነው። ጋሼ ደምሴ ሥራቸውን ትተው መሄድ አይችሉም። ስለዚህ የነፋስ ሞተሩ ማራገቢያውን ካዞረ እትዬ አስካለ ቤታቸው ይቆያሉ፤ ካላዞረ ይሄዳሉ። ይህን አባቴ አልነገረኝም ነበር። ለአንድ አምፖልና ለአንድ ራዲዮ መስሎኝ ነው የሄድኩት።

ረቡዕ

ጠዋት ማሽኑን አየሁት። ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረቡ ሁለት ክንፎች አሉት፤ የአውሮፕላን አፍንጫ ላይ እንደምናየው ያለ ነው። ነፋስ ክንፎቹን ሲያዞር ከኋላቸው ያለው ዲናሞ ይዞርና ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ወርዶ ባትሪ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ባትሪው እንደ ውኃ ጋን ነው፤ ነፋስ ሲኖር ይሞላል፣ ነፋስ ሲጠፋ ከእሱ ይቀዳል። ከዲናሞው ኋላ ሰፊ የቆርቆሮ ጅራት አለ። ጅራቱን ነፋስ እየገፋው ክንፎቹን ምንጊዜም ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ ያዞራቸዋል።

ጋሼ ደምሴ ማማውን ከአሮጌ ሐዲድ ብረት ራሳቸው ሠርተውታል። ዝሆን ቢደገፈው አይወድቅም። ያቆሙት ግን በቤቱና በግንቡ አጥር መካከል፣ ትልቅ የሁመር ዛፍ ሥር ነው። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

"ጋሼ፣ እዚህ ለምን አቆሙት?"

"ከአቧራው እንዲጠበቅ ነዋ! ውድ ዕቃ እኮ ነው። ውጭ ባቆመው ነፋሱ ይጫወትበታል።"

ወደ ላይ ሳይ ደግሞ ማሽኑ ከጅራቱ ጋር የሚዞርበት አንገት ላይ አራት ትልልቅ ብሎኖች አየሁ።

"እሱን እኔ ነኝ ያሰርኩት" አሉ በኩራት። "ስገዛው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት በሐዲድ ላይ ሠርቻለሁ፤ የሚወላውል ነገር ከመስመር ይወጣል።"

አጥሩ ላይ ጎረቤቶች ተሰብስበው ያዩናል። አሊዪ ጮክ ብሎ፣ "አቦ ደምሴ፣ ይቺ ልጅ ናት ማሽኑን የምታስነሳው? የኔን ፈረስ እንኳ አታስነሳም!" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ማሽኑ የታሰረውም የቆመውም በስሕተት ነው ማለት አልቻልኩም። ሰውየው የሠሩትን በሰው ፊት ያፍርሱ ማለት ከየት ይምጣልኝ?

ከምሳ በኋላ በደብተሬ ላይ ሥዕል ሣልኩ፤ ከሥሩም "ጅራቱ መታሰር የለበትም፤ ማማው ዛፍና ግንብ በሌለበት መቆም አለበት" ብዬ ጽፌ ቀድጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው አነበቡት።

"ለምን ሁለት ጊዜ?" አልኩ፤ ገርሞኝ ነው የደፈርኩት።

"በባቡር ሥራ የትእዛዝ ወረቀት በዓይን ብቻ አይነበብም። ጣቢያ ኃላፊው ይሰጥሻል፣ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፣ ትደግሚያለሽ። በሆዱ አንብቦ የሄደ ነጂ ነው ሌላ ባቡር የሚገጥመው።" ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "እና ሠላሳ ዓመት የተማርኩትን አንቺ በአንድ ቀን ፍታ አልሽኝ? ደግ። ይፈታ።" መፍቻ ሊያመጡ ገቡ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ቦታ ስንፈልግ ዋልን። ጋሼ ደምሴ ፈቃድ ወስደው፣ አሊዪ ጋሪውን ፈትቶ አብረውን ዞሩ።

ጋሼ ደምሴ መጀመሪያ "ጣሪያው ላይስ?" አሉ። ማሽኑ ሲዞር ይንቀጠቀጣል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ እንደ ከበሮ ይቀበለዋል። ሥሩ የሚተኛ ሕመምተኛ አለ። ከዚያም በላይ ነፋስ ከጣሪያ ጋር ሲጋጭ፣ ወንዝ ድንጋይ ሲመታ እንደሚታወከው ይታወካል። የታወከ ነፋስ ክንፉን ይደበድበዋል እንጂ አያዞረውም።

አሊዪ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ያለውን ኮረብታ አሳየን። እዚያ ነፋሱ ሻሼን ወሰደው፤ አሊዪ እየሳቀ ሮጦ ከእሾህ ላይ አነሳልኝ። ለነፋስ ከዚያ የሚሻል ቦታ አይገኝም። ነገር ግን እስከ ቤቱ ያለው ርቀት ብዙ ነው። የባትሪ ኤሌክትሪክ ደካማ ስለሆነ ረጅም ሽቦ ውስጥ ሲጓዝ፣ በተሰነጣጠቀ ቦይ እንደሚሄድ ውኃ መንገድ ላይ ያልቃል። እዚያ ብናቆመው የምናሞቀው ሽቦውን ነው።

በመጨረሻ ያገኘነው ከአሊዪ ጋጣ ጀርባ ያለውን ጉብታ ነው። ከቤቱ ስልሳ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ነፋሱ በሚመጣበት በቆላው በኩል ዛፍም ቤትም የለውም። ሁመሩ በሌላው በኩል ነው። በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ጨርቅ አስረን አቆምን። ከሰዓት በኋላ ጨርቁ ተዘረጋና ሳይጨማደድ ቀጥ ብሎ ቆየ። ከወንዙ ዳር ስለሚርቅም ጎርፍ አይደርስበትም።

"መሬቱ የኔ ነው፣ ውሰዱት" አለ አሊዪ። "ፈረሴ ግን ካልተስማማ የምታስታርቂን አንቺ ነሽ።"

ዓርብ

ከንጋት እስከ ማታ ጉብታው ላይ ተቀምጬ ጽዋዎቹን ቆጠርኩ። በየሰዓቱ አንድ ጊዜ በሰዓቴ እየለካሁ በደብተሬ እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ግንቦት ላይ ሹራብ የምንለብስበት ጠዋት አለ፤ እዚያ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የተቀመጥኩበት ድንጋይ አቃጠለኝ። እትዬ አስካለ ከመኝታቸው ሆነው ጃንጥላቸውን ላኩልኝ፤ ከጃንጥላው ጋር በሳሕን ጊሽጣ። ጊሽጣ አዲስ አበባ ሲደርስ የጠቆረና የተጨማለቀ ነው። እዚያ ግን ገና ከዛፉ የወረደ፣ ነጭና ቀዝቃዛ ነበር። ዘሩን የት እንደምተፋ ግራ ገብቶኝ መሐረቤ ውስጥ ሰበሰብኩት።

ጽዋዎቹ ጠዋት አልተነቃነቁም። ስድስት ሰዓት ገደማ ጀመሩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመቁጠር አስቸገሩኝ። ፀሐይ ስትገባ ቀስ እያሉ ቆሙ። ነፋስ ክፉ ሂሳብ አለው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በግማሽ ሲቀንስም እንዲሁ ጉልበቱ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ደካማ ነፋስ ጥቂት ነፋስ አይደለም፤ ከምንም የሚቆጠር አይደለም። ደብተሬን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሕመምተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው በየትኛው ሰዓት ነው? ማንንም አልጠየቅኩም። ማታ ጋሼ ደምሴ "እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ከሰዓት በኋላ ጥሩ ነው" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ቅዳሜ

ከጥገናው ክፍል ስድስት ሰዎች መጡ። ማማውን ነቅለው ተሸክመው ወደ ጉብታው ሲወስዱ የባቡር ሰዎች ሐዲድ ሲያነሱ የሚያዜሙትን እያዜሙ ነበር። እኔ መጽሐፉን ይዤ ከታች ቆሜ እያነበብኩ እተረጉማለሁ። ድምፄ ስለማይሰማ አሊዪ እየተቀበለ ይጮኽልኛል። "ቀዩ ሽቦ ከቀዩ ጋር ትላለች!" ይላል፤ አንዳንዴ በኦሮምኛ፣ አንዳንዴ በሶማሊኛ፣ እንደ ሰሚው።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ደምሴ በመንገድ እንዳይዞር ያስቀሩትን የመጨረሻ ብሎን ፈቱ። ጅራቱ እንደ ነቃ ሰው ተወዛወዘ፤ ከዚያ አንገቱ ዞሮ ክንፎቹ ወደ ቆላው አቀኑ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥሎ ክንፍ ከክንፍ እስከማይለይ ድረስ ዞሩ። የአሊዪ ፈረስ ገመዱን በጥሶ ወንዙን ተሻገረ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ደምሴ ቆባቸውን አውልቀው ነበር።

ማራገቢያው በእትዬ አስካለ ራስጌ ዞረ። በግንባራቸው የተጣበቀው ፀጉር ተነሳ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንፋሻቸው ሲረዝም ከበሩ ሆኜ ይሰማኝ ነበር።

ሰዎቹ ምሳ ሊበሉ ወደ ውጭ ሲወጡ ጠሩኝ። "በሩን ዝጊውና ነይ።"

ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሌሊት ነፋስ እንደሌለ አውቃለሁ" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ተኝቼበታለሁ። ያቺ ባትሪ እስከ ስንት ሰዓት ታዞረዋለች?"

"አሮጌ ናት። ገና አላየሁም።"

"እኔ ግን ከአሁኑ ገብቶኛል። ምንም ብትሆን ሠራ በይው። ደምሴ ያንቺን ወረቀት እንደ ወንጌል ነው የሚይዘው። አይሠራም ካልሽው ወደ ሐረር ይሰደኛል።"

"ሐረር አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እህትዎም አሉ።"

"እህቴ ደግ ናት። እንግዳ አድርጋ ነው የምትይዘኝ።" ትንፋሽ ሳቡ። "እንግዳ ሆኖ መሞት ደግሞ ድካም አለው። ቀኑን ሙሉ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነው።"

ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩና "እሺ" አልኳቸው። እሺ ከአፌ ሳላስበው የሚወጣ ቃል ነው፤ ለሻይም፣ ለመንገድም፣ ለሁሉም። እሳቸው ግን እጄን ያዙኝ።

እሑድ

ጠዋት በሩን አንኳኩቼ ስገባ ማራገቢያው ቆሟል። እትዬ አስካለ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው የመስኮቱን ደፍ ይዘዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። "ደህና አደርኩ" አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደዚያ እንደተቀመጡ አልነገሩኝም። ውጭ የማማው ክንፎች ቆመዋል፤ አንድ እርግብ በጅራቱ ላይ አርፋለች።

ጋሼ ደምሴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በግቢው ውስጥ ጠበቅኳቸው። እሳቸውም ማራገቢያውን አይተው ነበር የወጡት።

"ባትሪ ብጨምርበትስ?"

"ሁለተኛ ባትሪ ቢጨመር ማሽኑ ሁለቱን አይሞላም። ነፋሱ የሚበረታው ለጥቂት ሰዓት ነው።"

"ማማውን ባስረዝመውስ?"

"ትንሽ ይጨምራል። እንደዚያም ሆኖ ሌሊቱን አይደርስም።"

የቆሙትን ክንፎች አዩ። ከዚያ "በወረቀት ስጪኝ" አሉ። "ይበቃል ወይስ አይበቃም? በቃል የሰማሁትን ማታ ላይ ወደምፈልገው አዞረዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።"

ወደተሰጠኝ ክፍል ገብቼ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ "ይበቃል" ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ትናንት የያዘኝ የእትዬ አስካለ እጅ ገና በእጄ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ከንፈራቸው ደግሞ በዓይኔ። በመጨረሻ የዓርቡን ቁጥር ሁሉ ገለበጥኩና ከሥሩ "ማሽኑ ለአንድ አምፖልና ለራዲዮ ይበቃል። ማራገቢያውን ግን ሌሊት አያዞርም። ሕመምተኛዋ በዚህ ክፍል ቢቆዩ አደጋ አለው" ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩት ፊት ለፊት እንዳልናገረው ነው። ወረቀት ድምፅ የለውም ብዬ ነው።

ጋሼ ደምሴ ሁመሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን ሰጥቻቸው ልሄድ ስል መነጽራቸውን አደረጉ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የጓዳው መስኮት ከሁመሩ ሦስት እርምጃ አይርቅም፤ ክፍት ነበር።

"ጋሼ፣ ቀስ ብለው…" አልኩ። አልሰሙኝም።

ጮክ ብለው አነበቡት። ከቁጥሮቹ ጀምረው እስከ መጨረሻው። ሲጨርሱ ዝም ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሥራቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት። በሁለተኛው ንባብ "አደጋ አለው" የሚለው ላይ ሲደርሱ ከመስኮቱ ውስጥ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ።

"ሰምቻለሁ፣ ደምሴ። ይበቃል።"

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍላቸው ገብቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሞከርኩ። ነፋሱ ተነስቶ ነበርና ማራገቢያው ይዞራል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። "ጽሕፈትሽ ግልጽ ነው" አሉ። "አንድም ቃል አላመለጠኝም።" እራት ላይ ጋሼ ደምሴ ትልቁን የሥጋ ቁራጭ በእጃቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ። እንደዚያ ቀን እህል ከብዶኝ አያውቅም።

ሰኞ

የእትዬ አስካለ እህት በተላከላቸው ቴሌግራም ከሐረር መኪና ይዘው መጡ። ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሙቀቱ በረድ ሲል ለመውጣት ብለው አሥር ሰዓት ላይ ተነሱ። እትዬ አስካለ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው እግራቸው በትራስ ላይ ስለሚያርፍ ለጋሼ ደምሴ ቦታ አልነበረም፤ እሑድ እሑድ እሳቸው ወደ ሐረር እንደሚሄዱ ተነጋግረዋል። አሊዪ ፈረሱን አግኝቶ ነበርና እስከ ዋናው መንገድ ከፊት ከፊት እየሄደ ሰው አስለቀቀላቸው።

መኪናው ሊነሳ ሲል እትዬ አስካለ በመስኮቱ ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ። "ጃንጥላዬን ውሰጂው" አሉ። "ሐረር ፀሐይ የለም።" ልመልስ ስል እህታቸው ለአንገታቸው ትራስ ጨመሩላቸው፤ እሳቸውም "እግዜር ይስጥልኝ" አሏቸው።

ወደ ግቢው ስንመለስ ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ማሽኑ ከጋጣው ጀርባ ይጮኻል። ጓዳው ውስጥ ማራገቢያውን ያጠፋው ሰው ስላልነበረ በባዶው አልጋ ላይ እየዞረ አንሶላውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል።

ጋሼ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ይህ ማሽን እንዴት ነው የሚቆመው?" አሉ።

በማማው እግር ላይ ያለውን ሰንሰለት ነገርኳቸው። ሲሳብ ጅራቱ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ክንፎቹ ለነፋሱ ጠርዛቸውን ይሰጣሉ፣ ይቆማሉ። "ለአውሎ ነፋስ ጊዜ ነው እንጂ" አልኩ፣ "የዛሬው ነፋስ አይጎዳውም።"

"አውቃለሁ" አሉና ሄደው ሳቡት። ክንፎቹ ቀስ በቀስ ተለዩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ቆሙ። የመንደሩ ሌላ ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ተሰማ።

ማራገቢያው ግን በባትሪው ውስጥ በቀረው መዞሩን ቀጠለ። ጋሼ ደምሴ ገብተው ከአልጋው አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጡ። እኔ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

"ተዪው፣ ልጄ" አሉ። "በራሱ ይጨርስ።"

በማግስቱ ባቡሬ የሚነሳው ጠዋት ስለሆነ ዕቃዬን ልሸክፍ ወጣሁ።